ከአሥራ ስድስት አንድ

የዘረመል ሐኪም መሆኔን በመንደሬ በፑዌርቶ ካንዴላ ውስጥ በቅጡ የሚረዳልኝ ሰው የለም። እናቴ ለጎረቤት የምታስረዳው፣ «ልጄ ሮስሚራ የምታክመው ገና ያልተወለዱትን ነው» እያለች ነው። ጎረቤትም ይገረምና፣ «ታዲያ የት ላይ እንዳመማቸው ማን ይነግራታል?» ይላል። አንዳንዴ እኔም ራሴን የምጠይቀው ይኼንኑ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ስዊድን ተምሬ፣ ሠርቼ፣ ከተመለስኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ካርታሄና ሆስፒታል ውስጥ ነው። በየወሩ አንድ ሳምንት ግን በሞተር ጀልባ የማግዳሌናን ወንዝ ሽቅብ እወጣና ወደ ተወለድኩበት መንደር እመጣለሁ፤ ጤና ጣቢያው በሰጠኝ አንድ ክፍል ውስጥ እርጉዞችንና ሕፃናትን አያለሁ። ለምን ተመለስሽ ሲሉኝ መልሴ እንደ ቀኑ ነው። ሙቀቱ ናፍቆኝ እላለሁ፤ ሙቀቱ ሲያቃጥለኝ ደግሞ ምን ልሠራ መጣሁ እላለሁ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የተማርኩት ነገር እዚህ ይሠራ እንደሆነ ነው። እዚያ «ዘመዶችህ እነማን ናቸው?» ሲባል ሰው አምስት ስም ይጠራና ያበቃል። እዚህ የአንድ ሕፃን የዘር ሐረግ ስስል ወረቀት ያልቅብኛል።

ኔሬይዳ በመጋቢት ወር ሰኞ ጠዋት መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የአሥራ ሰባት ሳምንት እርጉዝ ናት፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይኼኛው ጸንቷል።

ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ ወንድም ተወልዶላት ነበር። በሰባት ወሩ ሞተ።

«ስታቅፊው እንደ ራሰ ጨርቅ ነው የሚዘረጋብሽ» አለችኝ። «አንድ ቀን እግሩን አንስቶ አያውቅም። ዓይኑ ግን በሄድኩበት ይከተለኝ ነበር፣ እትዬ ሮስሚራ። ዓይኑ ደኅና ነበር።»

በሽታውን አውቀዋለሁ። ጡንቻን የሚያዝዘውን ነርቭ የሚገድል ሕመም ነው። ልጁ የሚታመመው እናትም አባትም ሁለቱም በደማቸው ይዘውት ሲገኙ ነው፤ እነሱ ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። ባለፈው ወር ደሟን ልኬ ነበርና ውጤቱ መጥቷል፤ ኔሬይዳ ተሸካሚ ናት። የቀረው ባሏ ነው። ባሏ ዊልፍሪዶ የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል። በዚያ ሰዓት እስያ ዳርቻ አንድ ወደብ ላይ ነበር፤ የሚመለሰውም በሰኔ ነው።

ነገሩን ያከበደው ደግሞ ዊልፍሪዶ የማርሴሊኖ ልጅ መሆኑ ነው። ማርሴሊኖ የኔሬይዳ እናት የኦርቴንሲያ ወንድም ነው። ወንድም ብቻ አይደለም፣ መንታዋ ነው። ልጆች ሳለን «መንቶቹ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ኦርቴንሲያ ጫጩት የምታክል፣ ማርሴሊኖ የመርከብ ምሰሶ የሚያክል፤ የልደት ቀናቸውም በአንድ ኬክ ይከበር ነበር። ስለዚህ ኔሬይዳና ዊልፍሪዶ የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው። መንደሩ ግን አንድ ቃል ሳያጉረመርም ሠርጋቸው ላይ ጨፍሯል።

ስሌቱን ሠራሁላት። ልጁ እንደ ወንድሟ የመሆን ዕድሉ ከአሥራ ስድስት አንድ ነው። በእርግጠኝነት ለማወቅ ሆድን በረጅም መርፌ ወግቶ ከሽርት ውሃው ትንሽ መቅዳት ያስፈልጋል። ይህም የሚሆነው ካርታሄና ነው፤ ጊዜው ሳያልፍ፣ በዚያው ሳምንት ሐሙስ። የአማቾቿን ደም ልመረምር ብል ውጤቱ ከቦጎታ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ይፈጃል፤ ያን ያህል መጠበቅ አልችልም።

«መርፌው ልጁን ይነካዋል?»

«አይነካውም። ግን ከብዙ መቶ ሴቶች አንዷን ያስወርዳታል።»

«ሁለቴ ወድቆብኛል እኮ» አለች። «ለእኔ ያቺ ‹አንዷ› ሁልጊዜ እኔ ነኝ።»

እንደተማርኩት አደረግኩ። ውሳኔው የእሷ ብቻ መሆኑን፣ የነገርኳትም በእኔና በእሷ መካከል እንደሚቀር፣ ለማንም የመናገር ግዴታ እንደሌለባት አስረዳኋት። ቃላቱ ጥሩ ነበሩ፤ ስዊድን ውስጥ ብዙ ሰው አመስግኖኝባቸዋል። ኔሬይዳ ቤቷ ገብታ የተናገረችው መርፌውን ብቻ ነው። ምክንያቱን ዋጠችው።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ኡባልዲና አስጠራችኝ።

እማማ ኡባ የኦርቴንሲያ እናት፣ የኔሬይዳ አያት ናት። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ጤና ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት በዚህ የወንዝ ዳር የተወለደ ሁሉ በእጇ ነው የወጣው፣ እኔን ጨምሮ። ጓሮዋ ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ካሳቫ ትልጣለች። ኦርቴንሲያና ኔሬይዳም አጠገቧ ናቸው።

«ነይ፣ አንቺ። ልጅቷን ሆዷን ልትወጊያት ነው አሉ።»

«እኔ አይደለሁም እማማ ኡባ፤ ካርታሄና ያለ ባልደረባዬ ነው።»

«እናትሽ አሥራ ስምንት ሰዓት አምጣ፣ በእግርሽ ነው የመጣሽው። በእነዚህ እጆች አዙሬ አወጣሁሽ። በእግሯ የመጣች ነገር ታመጣለች ብዬ ነበር!»

ኔሬይዳን አየኋት። «ንገሪያቸው» አለችኝ፤ «እኔ አቅቶኛል።»

ወረቀት አወጣሁና መሣል ጀመርኩ። ወንዶቹን በሳጥን፣ ሴቶቹን በክብ።

«ወንድ ለምንድን ነው ሳጥን የሆነው?» አለች ኦርቴንሲያ።

«ውስጡ ምንም ስለሌለ ነዋ» አለች እማማ ኡባ፣ ከካሳቫው ቀና ሳትል።

የሞተውን ሕፃን አጠቆርኩት። ኦርቴንሲያ ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ቆየች። መንቶቹን ከአንድ ነጥብ አወጣኋቸው። ኔሬይዳንና ዊልፍሪዶን በሁለት መስመር አገናኘኋቸው።

«ሌላው ባልና ሚስት አንድ መስመር ነው። እነዚህ ለምን ሁለት ሆነ?» አለች እማማ ኡባ።

«የሥጋ ዘመድ ስለሆኑ ነው። መርፌውም የመጣው በዚህ ነው፣ እማማ ኡባ። ዊልፍሪዶ የጋሼ ማርሴሊኖ ልጅ ባይሆን ኖሮ፣ ከሌላ መንደር የመጣ ቢሆን፣ ከሁለት መቶ አንድ ብዬ ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር።»

ቢላዋው ቆመ።

«ኦርቴንሲያ፣ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂና ዓሣ ግዢ።»

«ዓሣ አለን እኮ እማዬ።»

«ሌላ ዓሣ ግዢ!»

ሄዱ። እማማ ኡባ በሩን አየች፣ የጎረቤቱን አጥር አየች፣ ዛፉንም ሽቅብ አየች፣ ማንጎ ላይ የተንጠለጠለ ሰው እንዳይኖር።

«እኔ የወለድኩት ሰባት ነው» አለች።

«ስምንት አይደሉም እንዴ?»

«ያሳደግኩት ስምንት ነው።»

«የጎርፉ ዓመት ነበር» አለችኝ። «ከብትና ሰው የጫነ ጀልባ በማዕበሉ ምክንያት እዚህ ቆመ። አንዲት ሴት ምጥ ይዟት ነበርና ጠሩኝ። ልጁን አወጣሁት፣ እሷን ግን ማቆየት አልቻልኩም። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከታች ከወንዙ አፍ አካባቢ የመጣች ነች ከማለት በቀር። ኦርቴንሲያ ያኔ ስምንት ቀኗ ነበር። ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። አንዷን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሲገባ ሁለት ሆነው አገኛቸው፤ ‹አንቺ ሴት፣ ጠዋት አንድ ነበረች› ብቻ ነው ያለኝ።»

«ሰዉስ?»

«መንደሩን ሰበሰብኩና፣ ‹ይኼን ልጅ ያንቺ አይደለም ያለች፣ ምጥ ሲይዛት እኔን እንዳትጠራኝ› አልኳቸው። ማን ይናገራል? ሁሉም ይወልዳል።»

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ሥራዬ ትዝ አለኝ። ማርሴሊኖ ከእህቱ ጋር በደም የማይገናኝ ከሆነ ከአሥራ ስድስት አንዱ ፈርሷል ማለት ነው። ዘር አጥንቼ፣ ያን ምሰሶና ያቺን ጫጩት ልጅነቴን ሙሉ እያየሁ አንድ ቀን አልጠረጠርኩም።

«እማማ ኡባ፣ ይኼን ለኔሬይዳ መንገር አለብን።»

«አይሆንም። ተሳስቼ ነው በያት።»

«መዋሸት አልችልም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ሲያስተምሩሽ ነበር?»

«ያለ እርስዎ ፈቃድ አልናገርም። ምስጢሩ የእርስዎ ነው። ግን ሐሙስ ጀልባው ይሄዳል፤ እሷም ትሄዳለች።»

ልጣጩን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «ሃምሳ ስምንት ዓመት» አለች ቀስ ብላ። «የሽማግሌ ሰው ልብ ነው አሁን የሱ። አንድ ነገር ቢሆንብኝስ? ቤቴን ረግጦ ቢወጣስ?»

ስዊድን ቢሆን እንዲህ ላለው ነገር ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ስድስት ሰው ቡና ይዞ ሦስት ስብሰባ ያደርጋል። እዚህ እኔና አንዲት አሮጊት፣ ሁለትም ቀን ነበረን። ቤት ገብቼ እናቴ ያቀረበችልኝን ሩዝ አልበላ አልኩ። እሷም ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም፤ የእናቴ አለመጠየቅ ደግሞ እንግዳ ነገር ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እማማ ኡባ እንደገና ላከችብኝ። ስደርስ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ተወዛዋዥ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ግን አትወዛወዝም። ኦርቴንሲያና ኔሬይዳ አሉ። የማርሴሊኖ ሚስት ፔትሮናም አለች። እናቴ በአጥሩ ወዲያ ልብስ የምታሰጣ መስላ ቆማለች፤ የሚሰጣው ልብስ ግን አንድ ፎጣ ነው። ማርሴሊኖ ከወንዙ እየመጣ ነው፤ በቀኝ እጁ የዓሣ ዘለላ ይዟል።

«ማርሴሊኖ፣ ልጄ፣ ተቀመጥ።»

«ዓሣው ይበላሻል እማዬ።»

«ይበላሽ!»

ተቀመጠ። እማማ ኡባ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እኔን አየችኝ፣ ኔሬይዳን አየቻት፣ የኔሬይዳን ሆድ አየች።

«እኔ አንተን አልወለድኩህም» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ማርሴሊኖ ዓሣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ይቺን ቀሚስ የለበስሽው ይኼን ልትነግሪኝ ነው?»

«ሰምተኸኛል?»

«እማዬ፣ በየዓመቱ በሙታን ቀን ያቺ ስሟ የማይታወቅ ሴት መቃብር ላይ አበባ የሚያደርግ ማን ነው?»

«አንተ።»

«ከስምንት ልጅ እኔን ብቻ ትልኪኛለሽ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ለምን እኔን ብቻ ብዬ ኦርቴንሲያን ጠየቅኳት።»

እማማ ኡባ ወደ ኦርቴንሲያ ዞረች። «ለአንቺስ ማን ነገረሽ?»

«አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው እኮ እማዬ!»

«ስማቸውን ጥሪልኝ!»

«ምን ልታደርጊያቸው? ሁሉም መውለድ አቁመዋል።»

ፔትሮና ነበረች ቀድማ የሳቀችው። ከዚያ ማርሴሊኖ፤ ያ ትልቅ ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እማማ ኡባ ልትቆጣ ሞከረች፣ ግን አልሆነላትም።

«ካወቅክ ለምን ዝም አልክ?»

«እንዳይከፋሽ ነዋ።»

«እኔም እኮ እንዳይከፋህ ነው!»

ሄዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ተንበርክኮም ከእሷ ይረዝማል። ጆሮውን ያዘችና እንደ ሕፃን ጎተተችው፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስገባችው። ሁሉም ያለቅስ ነበር፤ ዓሣውን ድመት እየበላችው ነው የሚል አንድ ሰው አልተገኘም።

እናቴ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። «አንቺ ሮስሚራ! አታውቂም ነበር እንዴ?»

«ማን ነገረኝ?»

«ዘር አይደል የምታጠኚው? አውቀሽ ጨዋ ሆነሽ ዝም ያልሽ መስሎን ነበር!»

ኔሬይዳ ብቻ ነበረች ያልገባት። ወረቀቱን አወጣሁና እሷንና ዊልፍሪዶን ያገናኘውን ሁለተኛ መስመር አጠፋሁት። ማርሴሊኖን ከእማማ ኡባ ጋር የሚያያይዘውን መስመር ደግሞ በነጠብጣብ ለወጥኩት።

«ይኼ ምንድን ነው? ድልድዩ ፈረሰ?» አለ ማርሴሊኖ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ።

«ያደጉበትን ቤት ነው የሚያሳየው፣ ጋሼ ማርሴሊኖ። በዓለም ሁሉ የሚሣለው እንዲህ ነው።»

እማማ ኡባ እጇን ዘረጋች። «እርሳሱን አምጪ። ዓለም አጥብታዋለች?»

ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ አያያዘቻቸው። እርሳሱን ስለተጫነችው መስመሩ ከሌሎቹ ሁሉ ወፍራም ሆነ። እንዲያው ተውኩት። ያ ወረቀት አሁንም መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ባልደረቦቼ ሲያዩት ስሕተት ነው ይሉኛል።

«አሁን ስንት ነው?» አለች ኔሬይዳ።

«ከሁለት መቶ አንድ ገደማ። ዜሮ አይደለም። ካርታሄና መሄድ ከፈለግሽ ነገም አብሬሽ እሄዳለሁ። መጠበቅ ከፈለግሽ ደግሞ አሁኑኑ የጋሼ ማርሴሊኖንና የእትዬ ፔትሮናን ደም እወስዳለሁ፤ እነሱ ነጻ ከሆኑ ዊልፍሪዶ ከየትም አያመጣውም።»

ኔሬይዳ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

«መርፌው ለእነሱ ይሁን» አለች።

ከጤና ጣቢያው ዕቃዬን አስመጣሁ። ፔትሮና ክንዷን ሰጥታ፣ ስለ ሽንኩርት እያወራች ጨረሰች። ማርሴሊኖ አዞ የገደለ ሰው ነው ይባላል። መርፌዋን ሲያይ፣ «ይቺ ናት?» አለና ከነወንበሩ ወደቀ። አራት ሴቶች አነሣነው። «የኔ ልጅ ቢሆን አይወድቅም ነበር» አለች እማማ ኡባ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ነገር ቀለደች፤ እሱም ተኝቶ ሳቀ።

አምስቱን ሳምንት ካርታሄና አሳለፍኩ። በደንብ አልሠራሁም። ትክክል ነበርኩ ወይ እያልኩ ስሌቱን እደጋግመው ነበር፤ ሌላ እናት አማክሬ ስጨርስ የኔሬይዳ ፊት ይመጣብኛል። ከሁለት መቶ ሰው አንዱም እኮ ሰው ነው።

ውጤቱ በደረሰ ማግስት ጀልባ ተሳፈርኩ። ኔሬይዳ ወደቡ ላይ ጠበቀችኝ። ሆዷ ገፍቷል። ወደ ጤና ጣቢያው ልወስዳት ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እዚያች ክፍል አልገባም። ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን ጓሮው ውስጥ ንገሪኝ። እነሱ ሳይሰሙ ብቻዬን ሰምቼ ያየሁትን አይተሻል።»

ጓሮው ሞልቶ ጠበቀኝ። አንዱማ ከበሮውን ይዞ መጥቷል። «ውጤቱ ክፉ ቢሆንስ?» አልኩት። «ያን ጊዜ እቀመጥበታለሁ» አለኝ።

ወረቀቱን አነበብኩ። የሁለቱም ውጤት ነጻ ነው አልኩ።

«በሰው ቋንቋ ተናገሪ!» አለች እማማ ኡባ።

«ዊልፍሪዶ ለልጁ የሚያወርሰው ሕመም የለውም። ይኼ ልጅ እንደ አጎቱ አይሆንም። ይራመዳል።»

ያን ጩኸት ከወንዙ ማዶ ሰምተውት ሰው ሞተ ብለው ጀልባ አዘጋጅተው ነበር። ኔሬይዳ አልጮኸችም፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ጀመር። ማርሴሊኖ ከበሮ መቺውን ከነከበሮው አነሣው። እኔን ደግሞ አንዲት የማላውቃት ሴት ወደ መሐል ጎትታ አስገባችኝ። ጭፈራ ረስቻለሁ፤ ስዊድን ውስጥ ትከሻዬ ደርቋል። ሳቁብኝ፤ እኔም አላቆምኩም።

ኦርቴንሲያን ያገኘኋት ከምድጃው አጠገብ ነው። የኮኮናት ሩዙን እያማሰለች ነበር።

«ሮስሚራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኔ ልጅ... ያኔ በደንብ ስላልበላሁ አልነበረም?»

«አልነበረም እትዬ ኦርቴንሲያ።»

«የሦስት ወር እርጉዝ ሆኜ ከጀልባ ወድቄ ነበር።»

«በእሱም አይደለም። እርስዎና ባልዎ ሳታውቁት ይዛችሁት የኖራችሁት ነው። ማንም ሊያውቀው፣ ሊያስቀረውም አይችልም ነበር። ምንም አላጠፉም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ይኼን እንዲላት ጠብቃለች። ማማሰያውን አስቀመጠች፣ ፊቷን በሽርጧ ጠረገች፣ መልሳ አነሣችው። «ሩዙ ሊያርብኝ ነው» አለችና ገፋ አደረገችኝ። «ሂጂ፣ ጨፍሪ። ሕፃን ልጅን እንኳ ያስቃል አጨፋፈርሽ።» ቀና ስትል ፊቷ አብርቶ ነበር።

በነሐሴ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ። ዊልፍሪዶ በሩ ላይ ቆሞ፣ እማማ ኡባ አዋላጇን ከአልጋው ጎን ቆማ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» እያለች ስታሰለቻት። እኔ በማግስቱ ደረስኩ። ሕፃኗን ጀርባዋ ላይ አስተኛኋትና እንደ ልማዴ ከጭንቅላቷ ጀምሬ መመርመር ያዝኩ። እግሯ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ተረከዟን መዳፌ ላይ አስቀምጬ እጠብቅ ነበር። ምርመራው አልቆ፣ የሚጻፈው ተጽፎ፣ አሁንም ይዣት ነበር።

ልጅቷ ጉልበቷን አጠፈች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ መዳፌን ረገጠችው።

«ልቀቂያት እትዬ ሮስሚራ» አለች ኔሬይዳ ከአልጋው ላይ፣ በሳቅ። «እኔንም ትርገጠኝ እንጂ።»